ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት

ሞተሩ በደህና እየሠራ ትራክተሩ መጎተት ሲያቅተው፣ ማርሽ አልገባ ሲል ወይም የገባው ማርሽ በራሱ እየወጣ ሲያስቸግር፣ ጥርጣሬ ቶሎ የሚያርፈው ካምቢዮው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይገኛል። የፍሪሲዮን ፔዳል መዛባት፣ የዘይት ማነስ፣ ዘይት ውስጥ የገባ ውሃ፣ የማርሽ መቀየሪያው ጫፍ ማለቅ፣ የላላ ብሎን፣ እነዚህ ሁሉ ላይ ላዩን ሲታዩ የካምቢዮ ብልሽት ይመስላሉ። ፔዳል ማስተካከል ቁልፍ ላለው ሰው አጭር ሥራ ነው። ፍሪሲዮኑ ዘንድ ለመድረስ ግን ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል፤ ይህም በእርሻ ወቅት ብዙ የሥራ ቀን ያስከፍላል። ስለዚህ ፍተሻ ከውጭ ተነሥቶ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከሌለው ተነሥቶ ብዙ ወጪ ወዳለው መሄድ አለበት።

እዚህ በምሳሌነት የሚነሡት ሁለት የታወቁ አሮጌ ትራክተሮች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ይመረት የነበረው ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሚንስክ ትራክተር ፋብሪካ የተመረተው ኤምቲዜድ 80፣ በተለምዶ ስሙ ቤላሩስ ነው። በደርግ ዘመን በናዝሬት የተቋቋመው መገጣጠሚያ የሶቪየት ትራክተሮችን ይገጣጥም ስለነበር ቤላሩስ ለኢትዮጵያ መካኒክ እንግዳ አይደለም። ሁለቱም በእጅ ማርሽ የሚለወጥባቸው፣ ያለ ኮምፒውተርና ያለ ልዩ መሣሪያ በጆሮ፣ በዓይንና በእጅ ሊመረመሩ የሚችሉ ናቸው።

ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ

ጥፋቱ የት እንዳለ ለመገመት ኃይሉ ከሞተር ተነሥቶ ጎማ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ መጀመሪያ የሚያሽከረክረው ቮላኖን ነው። ከቮላኖው ጋር በሞላ ኃይል የተጣበቀው የፍሪሲዮን ዲስክ ሽክርክሪቱን ተቀብሎ ወደ ካምቢዮ ያስገባል። ካምቢዮው ውስጥ ጥርሶቹ እንደተመረጠው ማርሽ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን ይጨምራሉ። ከካምቢዮው ፊት ወይም ኋላ ደግሞ ከባድና ቀላል የሚባለው ተጨማሪ መቀነሻ አለ፤ መሠረታዊው ማሴ 135 በሦስት ማርሽ ስድስት የፊት ፍጥነት፣ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ በዘጠኝ ማርሽ አሥራ ስምንት የፊት ፍጥነት የሚያገኙት በዚህ ነው። ቀጥሎ ፒኞኑ ኮሮናውን ያዞራል፤ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ያከፋፍላል፤ በመጨረሻም ከዲፈረንሻሉ የሚወጡት ዘንጎች ጎማዎቹን ያዞራሉ።

ከዚህ ዋና መንገድ ጎን ፒቲኦ፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ መውቂያ ወይም ፓምፕ የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ የራሱ መስመር አለው። ይህ ሁለተኛ መስመር ለምርመራ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። ፒቲኦው እየዞረ ትራክተሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩና ቮላኖው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩበት ነጥብ ወዲህ፣ በጎማው መስመር ላይ ይፈለጋል።

ከመሣሪያ በፊት ጥያቄ

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ሹፌሩን ይጠይቃል። ችግሩ በአንድ ማርሽ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ትራክተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ሲጎትት ነው ወይስ ቁልቁለት ሲወርድ? በድንገት የመጣ ነው ወይስ እየባሰ የሄደ? በቅርቡ ዘይት ተለውጧል? ትራክተሩ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር?

መልሶቹ መንገድ ያሳያሉ። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚታይ ችግር የዚያን ማርሽ ጥርስ ወይም መያዣ ያመለክታል። በአንድ ዘንግ ላይ ባሉ ሁለት ማርሾች የሚታይ ከሆነ ዘንጉን ወይም ፎርኬታውን፣ ማለትም ማርሹን የሚገፋውን ሹካ፣ ያስጠረጥራል። በሁሉም ማርሽ የሚታይ ችግር በአብዛኛው ከአንዱ ማርሽ አይደለም፤ ከፍሪሲዮኑ፣ ከዘይቱ ወይም ሁሉንም ከሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ይመጣል። በድንገት የመጣ ጥፋት ስብራትን፣ ቀስ በቀስ የመጣ ደግሞ ማለቅን ይጠቁማል።

ትራክተሩ ጨርሶ አልሄድ ካለ ቀላሉ ነገር መጀመሪያ ይታያል። የከባድና ቀላል መምረጫው በመካከል ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ከሆነ ዋናው ማርሽ በትክክል ገብቶም ጎማው አይዞርም። አዲስ ሹፌር በተቀመጠበት ትራክተር ላይ ይህ ያልተለመደ አይደለም።

ዘይቱ የሚናገረው

የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ትራክተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ነው። ሲያንስ የላይኞቹ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ይደርቃሉ፤ ድምፅና ሙቀት ይጨምራል። ከልክ በላይ ሲሞላም ጥሩ አይደለም፤ ጥርሶቹ ዘይቱን እየናጡ አረፋ ያደርጉታል፣ በዘይት መከላከያ ጎማዎቹም ይወጣል።

ከመጠኑ ይልቅ ብዙ የሚናገረው መልኩ ነው። ወተት መስሎ የነጣ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። በአሮጌ ትራክተር ላይ ውሃው የሚገባበት ዋና በር ማርሽ መቀየሪያው ከካምቢዮው ክዳን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በፀሐይ ሲሰነጠቅ ክረምቱን ሜዳ ላይ የቆመ ትራክተር የዝናቡን ውሃ በዘንጉ በኩል ወደ ውስጥ ይቀበላል። የዘይት መለኪያው ወይም መሙያው ክዳን ከጠፋና በጨርቅ ከተደፈነም እንዲሁ ነው። በማሴ 135 ካምቢዮው፣ ሃይድሮሊኩና የኋላው አክስል አንድ ዘይት ስለሚጋሩ ውሃው የጀርባ ማንሻውንም ፓምፕ ይጎዳል። ስለዚህ ማንሻው መንቀጥቀጥ ወይም መድከም ከጀመረ የካምቢዮውንም ዘይት ማየት ተገቢ ነው።

ውሃ መኖሩን ለማረጋገጥ ትራክተሩ ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ያድራል። ጠዋት ከታች ያለው የማፍሰሻ ብሎን ሳይወልቅ ቀስ ተብሎ ይላላል፤ ከሥሩም ንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ተቀምጦ ያድራል፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውም እሱ ነው። ጥቂት ጠብታ ከሆነ የገባበት ቀዳዳ ተዘግቶ ዘይቱ ይለወጣል። ብዙ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ መለወጥ አይበቃም፤ አዲሱ ዘይት ለጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ውስጥ የቀረውን ይዞ እንዲወጣ እንደገና ይፈስሳል።

የወጣው ዘይት በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ይታያል። በብሎኑ ማግኔት ላይ የተለጠፈ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ጥቁር ደቃቅ ብረት በአሮጌ ማሽን የሚጠበቅ ነው። በጣት ሲነካ የሚቆረቁር ስባሪ፣ የጥርስ ጫፍ ወይም የኩሽኔታ ቁራጭ ከተገኘ ግን ትራክተሩ ሳይከፈት ወደ ሥራ መመለስ የለበትም፤ አንድ ስባሪ በሁለት ጥርስ መካከል ከገባ ደህናውንም ይሰብራል። ማግኔት የማይስበው ቢጫ ብልጭታ ከነሐስ የተሠሩ ቡሾችና ቀለበቶች እያለቁ መሆናቸውን ያሳያል።

የዘይቱ ዓይነትም ችግር ይፈጥራል። በማሴ 135 የተጠየቀው ለካምቢዮም ለሃይድሮሊክም የሚሆን ዘይት ነው፤ በጣም ወፍራም የዲፈረንሻል ዘይት ቢጨመርበት ማንሻው በብርድ ጠዋት ይሰንፋል። ኤምቲዜድ 80 ደግሞ ለካምቢዮውና ለኋላው አክስል አርባ ሊትር ያህል የሚይዝ የራሱ ቋት፣ ለሃይድሮሊኩ ሌላ ቋት አለው። በዚህ ትራክተር የሃይድሮሊክ ዘይቱ ሳይፈስስ እየጎደለ፣ የካምቢዮው ዘይት ሳይጨመርበት እየበዛ ከሄደ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ዘንግ ፓራዮሊዮ፣ ማለትም የዘይት መከላከያ ጎማው፣ አልቆ ዘይቱ ከአንዱ ቋት ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው።

ፍሪሲዮን፦ የሚንሸራተትና የማይላቀቅ

የፍሪሲዮን ችግር ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱም በካምቢዮ ይሳበባል። አንደኛው መንሸራተት ነው። ማረሻው መሬት ሲይዝ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ትራክተሩ ግን አይፈጥንም፤ ቆይቶም የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ለማረጋገጥ ትራክተሩ ሰው በሌለበት ደልዳላ ሜዳ ይቆማል፤ ፍሬኑ በደንብ ይያዛል፤ ከፍተኛ ማርሽ ይገባል፤ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት እየሠራ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መሥራቱን ከቀጠለ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ሙከራው ራሱ ዲስኩን ስለሚያቃጥል ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይቆይም፤ ተደጋግሞም አይደረግም።

ሁለተኛው አለመላቀቅ ነው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ዲስኩ ከቮላኖው ሙሉ በሙሉ ስለማይለይ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ መዞሩን አያቆምም፤ ማርሽ ሲገባ ጥርሶቹ ይፋጫሉ። የመለያው ፈተና ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ በቀላሉ የሚገባ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን የሚያንገጫግጭ ከሆነ ካምቢዮው ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከከበደ ግን መቀየሪያው፣ ዘንጎቹ ወይም ፎርኬታዎቹ ይታያሉ።

ሁለቱም ችግሮች በመጀመሪያ የሚመረመሩት በፔዳሉ ባዶ ጉዞ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሥራ ሳይጀምር በቀላሉ የሚወርድበት ርቀት ባዶ ጉዞ ይባላል፤ በኤምቲዜድ 80 ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌሎች ትራክተሮች ልኩ ከመመሪያ መጽሐፋቸው ይወሰዳል። ዲስኩ እያለቀ ሲሄድ ባዶ ጉዞው ይቀንሳል። ጨርሶ ሲጠፋ ፔዳሉ ሳይረገጥ እንደ ተረገጠ ይሆናል፤ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ዘወትር ይጫናል፣ ዲስኩም ይንሸራተታል። በተቃራኒው ባዶ ጉዞው ሲበዛ ፔዳሉ ወለል ደርሶም ዲስኩን አያላቅቅም። ልኩ የሚስተካከለው ከፔዳሉ ወደ ፍሪሲዮኑ በሚሄደው ዘንግ ላይ ባለው ዳዶ ነው። በዚያው አጋጣሚ ፒኖቹና ቀዳዳዎቻቸው ይታያሉ፤ የአምስት መገናኛ ጥቂት ጥቂት ማለቅ ተደምሮ ፔዳሉን ከንቱ ያደርገዋል።

ባዶ ጉዞው ትክክል ሆኖ ፍሪሲዮኑ አሁንም ከተንሸራተተ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ዘይት ነው። ፍሪሲዮኑ ያለበት ቤት ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ በማሴዎቹ ጭቃ እንዳይደፍነው የተሰነጠቀ ፒን ይንጠለጠልበታል። ከዚያ የሚንጠባጠበው ጠቁሮ የቀጠነ ዘይት ከሆነ የሞተሩ የኋላ ፓራዮሊዮ አልቋል፤ ወፈር ያለና ያልጠቆረ ከሆነ የካምቢዮው መግቢያ ፓራዮሊዮ ነው። ቀዳዳው ተደፍኖ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ዲስኩን ያርሰዋል። ዘይት የጠጣ ዲስክ በቤንዚን ታጥቦ ለጥቂት ቀን ቢሠራም አስተማማኝ አይሆንም፤ ፓራዮሊዮውም ዲስኩም መለወጥ አለባቸው።

ለወራት ቆሞ በነበረ ትራክተር ላይ ደግሞ ዲስኩ ከቮላኖው ጋር በዝገት ይጣበቃል። ፔዳሉ በትክክል ይወርዳል፣ ነገር ግን ምንም አይላቀቅም። ክረምት የሚቆም ትራክተር ፔዳሉ ተረግጦ በእንጨት ተደግፎ ቢቀመጥ ይህ አይደርስበትም።

በኤምቲዜድ 80 አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚዞረውን ዘንግ የሚያቆም ትንሽ ፍሬን ከፍሪሲዮኑ ጋር ተያይዟል። ዲስኩ በደንብ እየተላቀቀ ይህ ትንሽ ፍሬን ካለቀ ወይም አስተካከሉ ከተዛባ ዘንጉ በራሱ ግፊት መዞሩን ይቀጥላል፤ ማርሹም ያንገጫግጫል። ፔዳሉ ተረግጦ ጥቂት ሰከንድ ሲጠበቅ ማርሹ በሰላም የሚገባ ከሆነ ጥርጣሬው እዚህ ላይ ነው። ጨርሶ ካልተሻለ ዲስኩ እየተላቀቀ አይደለም።

በጆሮ መለየት

ድምፅ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚጠፋ ከተመዘገበ ግማሹ ምርመራ አልቋል። ትራክተሩ ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይረገጣል። ባዶ ጉዞው አልቆ ኩሽኔታው መጫን በሚጀምርበት ቅጽበት የሚነሣና ሲለቀቅ የሚጠፋ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው፣ ፔዳሉ ተለቅቆ የሚሰማና እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታዎች ወይም ዘወትር ከሚዞሩት ጥርሶች ይመጣል።

ትራክተሩ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። እኩል እየዘለለ የሚያንኳኳ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚቸኩል ድምፅ የተሰበረ ወይም የተላጠ ጥርስ ምልክት ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ ከተሰማ ጥርሱ በዚያ ማርሽ ላይ ነው፤ በሁሉም ከተሰማ ሁሉም የሚጋሩት ዘንግ ወይም ኮሮናና ፒኞኑ ላይ ይፈለጋል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዝም ብሎ ሲታጠፍ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ትናንሽ ጥርሶች ወይም ቀለበቶቻቸው አልቀዋል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ እነዚህ ጥርሶች እርስ በርሳቸው አይዞሩምና። ሲጎትት የሚያጉረመርምና ሲለቀቅ ድምፁ የሚለወጥ ዲፈረንሻል የኮሮናና የፒኞን መገጣጠም መዛባቱን ይጠቁማል።

ድምፁን ለመስማት ትራክተሩ በሥራ ላይ እያለ ሰው ከሥሩ መግባት ወይም በሚዞር ፒቲኦ አጠገብ ማጎንበስ የለበትም። ረጅም ብረት ወይም እንጨት አንዱን ጫፍ በካምቢዮው ቤት ላይ፣ ሌላውን በጆሮ አድርጎ ቆሞ ማዳመጥ የድሮ መካኒኮች ዘዴ ነው፤ ይህም የሚደረገው ትራክተሩ ቆሞ፣ ጎማው ታግዶ ነው።

ማርሽ የሚወጣና የሚቆለፍ

የገባ ማርሽ በራሱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። የመቀመጫው ብረት ወይም የካቢኑ ወለል መቀየሪያውን የሚያግደው ከሆነ፣ ወይም መቀየሪያው ተጣምሞ ከሆነ፣ ማርሹ ግማሽ ገብቶ ይቆማል፤ ጭነት ሲመጣም ይወጣል። ይህ ከሌለ ማርሹን በቦታው የሚያቆመው ትንሽ የብረት ኳስና ሞላ ይታያል። ሞላው ደክሞ ወይም ተሰብሮ ከሆነ መለወጡ ካምቢዮውን መክፈል አይጠይቅም፤ በብዙ ትራክተሮች ከላይ ወይም ከጎን ካለ ክዳን ይደረስበታል። ሞላውም ደህና ከሆነ ፎርኬታው ጎኑ አልቆ ማርሹን እስከ መጨረሻው ሳይገፋ ይቀራል፤ ወይም የጥርሶቹ ጫፍ ተሸርፎ በሾጣጣው በኩል ተንሸራትቶ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው በአብዛኛው ትራክተሩ ሳይቆም ማርሽ የመለወጥ ልማድ ውጤት ነው። በሁሉም ማርሽ የሚታይ መውጣት ግን በኩሽኔታዎች ልቅነት ወይም ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በሚያያይዙት ብሎኖች መላላት ሊመጣ ይችላል፤ ብሎኖቹን ማጥበቅ ከማንኛውም ግምት ይቀድማል።

ሌላው ሹፌርን የሚያስደነግጥ ነገር መቆለፍ ነው። መቀየሪያው ወዲያ ወዲህ አይልም፣ ወይም ያለ ምንም ተቃውሞ በሁሉም አቅጣጫ ይወዛወዛል፤ ትራክተሩም ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄድም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ የመቀየሪያው ታችኛ ጫፍ በዓመታት አልቆ ከአንዱ ዘንግ ማረፊያ ሳይወጣ ወደ ሌላው ይዘልላል፤ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ይገባል። ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ጥርሶች አንድን ዘንግ ሲይዙት መዞር አይችልም።

በማሴ 135 ይህ ከላይ ይፈታል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ጎማዎቹ ይታገዳሉ፣ በካምቢዮው ክዳን ዙሪያ ያለው አፈር በደንብ ይጠረጋል፤ ጭቃ ውስጥ መጣል አዲስ ጥፋት መጨመር ነውና። ክዳኑ ከነመቀየሪያው ሲነሣ የዘንጎቹ ማረፊያ ጎድጓዶች ይታያሉ። ባዶ ማርሽ ላይ ሲሆኑ ጎድጓዶቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ የተቆለፈው ካምቢዮ ላይ አንደኛው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ወጥቶ ይገኛል። በካቻቪቴ ቀስ ብሎ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ከዚያ የመቀየሪያው ጫፍ ይመረመራል፤ ክብነቱ ጠፍቶ ከጠፈጠፈ በብየዳ ተሞልቶ በልኩ ይሞረዳል ወይም ይለወጣል። ክዳኑ ጫፉ ሳይጠገን ቢመለስ ያው መቆለፍ ይደገማል።

ኋላ ያለው ጥፋት

ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ይዞ፣ ጎማ ካልዞረ ስብራቱ ወደ ኋላ ነው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚወጣው አንዱ ዘንግ ሲሰበር ኃይሉ በተሰበረው በኩል ባዶውን ይዞራል፤ ደህናው ጎማ ምንም አይደርሰውም። የዲፈረንሻል ማቆለፊያ ባለው ትራክተር ላይ ማቆለፊያው ሲረገጥ ትራክተሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ የተሰበረው አንደኛው የጎማ ዘንግ መሆኑ በአብዛኛው ይረጋገጣል። ሌላው ፈተና በክሪክ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የፊት ጎማዎች ታግደው፣ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሣና ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ይደረጋል፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ማርሽና መምረጫው ሲገቡ የተነሣው ጎማ በእጅ መዞር የለበትም። በነፃ ከዞረ ከሞተር እስከዚያ ጎማ ባለው መስመር ላይ የተቆረጠ ነገር አለ።

አራቱም ጎማ በሚጎትተው ኤምቲዜድ 82 ላይ የፊት አክስሉ ኃይል የሚይዘው የኋላ ጎማዎች ሲንሸራተቱ በራሱ ጊዜ ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች መጠን ካልተጣጣመ፣ ለምሳሌ አንዱ ጥንድ ሌላ ልክ ባለው ጎማ ከተለወጠ፣ ይህ መያዣ ያለ ሰዓቱ እየገባ ያልቃል።

ማልቲ ፓወር ያላቸው ማሴዎች

አንዳንድ ማሴ 135ዎች ማልቲ ፓወር የሚባል፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ በሥራ ላይ ፍጥነት የሚለውጥ ተጨማሪ መሣሪያ አላቸው። ከፍተኛው ፍጥነት የሚያዘው በዘይት ግፊት በሚሠራ ትንሽ ፍሪሲዮን ነው። ትራክተሩ በከፍተኛው ላይ ሆኖ ዳገት ሲወጣ ወይም ዘይቱ ሲሞቅ በራሱ ወደ ዝቅተኛው ከወረደ የዘይቱ ግፊት ደክሟል፤ የዘይቱ መጠን፣ ማጣሪያውና ፓምፑ ካምቢዮው ከመነካቱ በፊት ይታያሉ።

የዚህ መሣሪያ ዝቅተኛው ቦታ አንድ ባሕርይ አለው፤ ብልሽት ሳይሆን አሠራሩ ነው። በዝቅተኛው ላይ ኃይሉ የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ መጋጠሚያ በኩል ስለሆነ ሞተሩ ትራክተሩን ይገፋል እንጂ ቁልቁለት ላይ አይዘውም። ጋሪ የሚጎትት ትራክተር በዚህ ቦታ ቁልቁለት ቢገባ ማርሽ እንደሌለው ሆኖ ይምዘገዘጋል። ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ዋና ማርሽ ገብቶ ማልቲ ፓወሩ ከፍተኛው ላይ መደረግ አለበት።

መክፈል ግድ ሲሆን

ከላይ ያሉት ፈተናዎች ሁሉ ወደ ውስጥ ካመለከቱ ትራክተሩ ይከፈላል። ይህ ሥራ የሚሠራው ጠንካራ ደልዳላ ወለል ላይ፣ ባትሪው ተለያይቶ ነው። ትልቁ አደጋ ያለው ከፊት ነው። የትራክተር የፊት አክስል መሐሉ ላይ ባለ አንድ ፒን እየተወዛወዘ እንዲሄድ የተሠራ ስለሆነ ሞተሩ ከካምቢዮው በተለየ ቅጽበት የፊቱ ግማሽ ወደ ጎን ሊገለበጥ ይችላል። ብሎን ከመፈታቱ በፊት በአክስሉና በሞተሩ መካከል በሁለቱም በኩል የእንጨት ሽብልቅ ይመታል፤ ሁለቱም ግማሾች የየራሳቸው ድጋፍ ይደረግላቸዋል። ከዚያ የነዳጅና የዘይት ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የመሪ መገናኛዎች ይለያያሉ። ሲገጠምም ብሎኖቹ ሁለቱን ግማሾች ለመሳብ መጠቀሚያ አይሆኑም፤ ዘንጉ ወደ ዲስኩ ሳይገባ በብሎን ከተሳበ ዲስኩ ይታጠፋል፣ የካምቢዮው ቤትም ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንዴ ከተከፈለ በኋላ የጉልበቱ ዋጋ ከዕቃው ስለሚበልጥ ለዲስኩ ብቻ ብሎ መክፈልና መዝጋት አያዋጣም። የፍሪሲዮን ኩሽኔታው፣ በቮላኖው መሐል ያለው ትንሽ ኩሽኔታና ሁለቱ ፓራዮሊዮዎች በዚያው ይለወጣሉ። ቮላኖው በሙቀት የተሰነጠቀ ወይም ሰማያዊ የሆነ ከሆነ ይታረማል። የዲስኩ ሽፋን እስከ ሪቬቶቹ ራስ ካለቀ ይለወጣል። ኮሮናና ፒኞን ሁልጊዜ በጥንድ ይገዛሉ፤ አብረው ያልተሠሩ ጥርሶች እየጮሁ እርስ በርስ ይበላላሉ። ከኩሽኔታ ሥር የሚገኙ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ሳይቀላቀሉ በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ የጥርሶቹን ርቀት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ዕቃ ሲገዛ የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። አንድ ሞዴል በተለያየ ዓመት የተለያየ ዲስክና የተለያየ ካምቢዮ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ማሴ 135 ነጠላና ድርብ ፍሪሲዮን፣ ስድስትና ስምንት ማርሽ ያላቸው ዓይነቶች አሉት። በሰሌዳው ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ተጽፎ፣ አሮጌው ዕቃ ተይዞ ይኬዳል፤ የጥርሶቹ ቁጥር፣ የመሐል ቀዳዳው ጥርሶችና ስፋቱ ጎን ለጎን ይመሳከራሉ።

ከጥገና በኋላ

ተጠግኖ የወጣ ትራክተር ወዲያው ከባድ ማረሻ አይታሠርበትም። መጀመሪያ ባዶውን በእያንዳንዱ ማርሽ ይሞከራል፤ ቀጥሎ ቀላል ሥራ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ዘይት ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይለወጣል፣ በአዲሶቹ ጥርሶች መጋጠም የወጣውን ደቃቅ ብረት ይዞ ይወጣልና። የፔዳሉ ባዶ ጉዞም አዲሱ ዲስክ ከተለማመደ በኋላ እንደገና ይለካል።

ጥፋቱ እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን የሹፌሩ ልማድ ነው። እግር በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት ኩሽኔታውንና ዲስኩን ሳይታወቅ ይጨርሳል። እነዚህ ትራክተሮች በአብዛኛው ማርሻቸው ትራክተሩ ሳይቆም እንዲለወጥ አልተሠራም፤ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ትንሽ ጠብቆ ማስገባት የጥርሶቹን ዕድሜ ያረዝማል። በጥቁር አፈር ላይ ማረሻው ሲከብድ ፍሪሲዮንን ግማሽ ይዞ ከመታገል ማርሽ ዝቅ ማድረግ ወይም የማረሻውን ጥልቀት መቀነስ ይሻላል። የካምቢዮው ዘይት በየሳምንቱ ቢታይ፣ የተቀደደው የማርሽ ሽፋን ከክረምት በፊት ቢለወጥና እያንዳንዱ የዘይት ለውጥና የፔዳል ማስተካከያ ከቀኑ ጋር በደብተር ቢጻፍ፣ ቀጣዩ ችግር ሲመጣ መካኒኩ ምርመራውን ከባዶ አይጀምርም።